ለጓደኛህ ንገረው

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

በስልክ ያነሳህብኝን ጉዳይ በስልክ ያልመለስኩልህ ተቆጥቼ አይደለም። አንተ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠህ፣ እኔ ደግሞ ከእናትህ ጋር ሁለተኛውን ቡና ይዤ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። «አንድ ጓደኛዬ ሽንቱን ሲሸና ያቃጥለዋል፣ ትንሽ ፈሳሽም አለው፣ ምን ይዋጥ?» ነበር ያልከኝ። ለጓደኛ ማሰብ ደግ ነው። ድሬሰር ሆኜ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ፣ እዚያ ቦታ ላይ ታሞ ስለ ራሱ የጠየቀኝ ወንድ በጣት የሚቆጠር ነው፤ የቀረው ሁሉ ጓደኛውን ወክሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለጓደኛህ ነው፤ አንብብለት። ስታነብለት ግን ፊቱን አትየው፤ ያፍራል።

አስቀድሜ የምለው ከመንገድ ዳር መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ኪኒን እንዳይገዛ ነው። ረዳቶች እንዴት እንደምትታከሙ አውቃለሁ። ጎማ እስኪነፋ ድረስ ወርዶ፣ መስኮቱ ላይ አጎንብሶ፣ «የሚያቃጥል ነገር» ብሎ አንሾካሹኮ፣ የተሰጠውን አሞክሳሲሊን በሚሪንዳ ውጦ ተመልሶ መሳፈር። ማቃጠሉ ጋብ ሲልለት የቀረውን ፍሬ ለሚቀጥለው ጊዜ ኪሱ ውስጥ ያኖራል፤ ወይም ለሌላ ጓደኛ ያካፍላል። ጨብጥን የመሰለ ተንኮለኛ ግን የለም። እኛ ሥራ ስንጀምር ፔኒሲሊን ይገድለው ነበር፤ ፔኒሲሊንን ለመደው። ቴትራሳይክሊን መጣ፤ እሱንም ለመደው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ደግሞ እነ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ለጨብጥ እንዳይታዘዙ መከረ፤ እነሱንም ስለለመዳቸው። በግማሽ መድኃኒት የተነካካ ጨብጥ አይሞትም፤ ይማራል። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው በመርፌ የሚወጋ ሌላ መድኃኒት ነው፤ እሱም ቢሆን የሚዋጥ ተጨምሮበት እንጂ ብቻውን አይሰጥም።

ለምን ብቻውን እንደማይሰጥ ጓደኛህ ቢጠይቅህ፦ ፈሳሽ ያለበት ወንድ ብዙ ጊዜ ጨብጥ ብቻ አይደለም ያለበት። ክላሚዲያ የሚባል ድምፅ የሌለው ተጓዥ አብሮት ይመጣል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ እነሱን የሚለይ ላብራቶሪም በየጤና ጣቢያው የለም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚያክሙት በምልክት ነው። ፈሳሽ ካለ ፈሳሽ ለሚያመጡት ለሁለቱም፣ ቁስል ካለ ቁስል ለሚያመጡት፣ መድኃኒቱን በዚያው ቀን ይሰጣሉ። ይህ አሠራር ለመንገደኛ ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል። ረዳትን «ውጤትህን በሳምንቱ ና» ብትለው በሳምንቱ የት ይገኛል? ጋላፊ ድንበር ላይ።

«ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣም ከሆነ ይጠፋል» ይላሉ አበው። በዚህ ምክር ብዙ ነገር ይፈታል፤ የመንደር ወሬ፣ የጎረቤት ኩርፊያ፣ አለቃ የጣለው ዛቻ። ለአባላዘር በሽታ ግን ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። ቂጥኝን ተመልከታት። ስትጀምር አንዲት ቁስል ናት፤ ጠርዟ ጠንከር ያለ፣ ብዙውን ጊዜ የማታምም። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ትደርቃለች። ሰውየው «ቂጣ ነበረች፣ ጠፋች» ብሎ ደስ ይለዋል። እሷ ግን ደም ውስጥ ገብታለች። ቆየት ብላ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ሆና ብቅ ትላለች፤ ሽፍታውም ይጠፋል። ከዚያ ዓመታት ዝም ትላለች። ልብን፣ ዓይንን፣ አንጎልንና ጀርባን የምትይዘው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ሸማኔ ትዝ ይለኛል። ልጁ እየደገፈው መጣ። ሲራመድ እግሩን ከፍ አድርጎ መሬቱን እንደሚመታ አድርጎ ይጥለዋል፤ ዓይኑን ጨፍን ስለው ባለበት ሊወድቅ ደረሰ። ሕመም የለብኝም ይላል፤ ቅሬታው ሌላ ነው። ሸማ መሥሪያው ላይ ተቀምጦ እግሩ መርገጫውን አልሰማ አለው፤ የቱን እንደረገጠ የሚያውቀው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ብቻ ሆነ። በሽታው ጀርባው ውስጥ የስሜቱን መንገድ በልቶት ነበር። ከብዙ ጥያቄ በኋላ «በልጅነቴ አንዲት ቁስል ነበረችኝ፣ በራሷ ዳነች» አለኝ። በጊዜው ቢመጣ በአንድ ቀን የፔኒሲሊን መርፌ የሚያልቅ ነገር ነበር። በዚያ ደረጃ ላይ ግን መርፌው በሽታውን ቢያቆም እንጂ የተበላውን አይመልስም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ጓደኛህ ይህ በሽታ ከእሱ ጋር የተፈጠረ እንዳይመስለው ደግሞ ይህን ጨምርለት። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ እያሉ ስም ያወጡላቸው አያቶቻችን ናቸው። በብራና የተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍታችን ሳይቀሩ ቂጥኝን ከነመድኃኒት ቅጠሉ ያነሳሉ። ደብተራውም፣ ባላባቱም፣ ወታደሩም በእነዚህ በሽታዎች ታሟል። በእኔ ልጅነት ደግሞ በየመንደሩ መርፌ ወጊ ነበር፤ አንዲቷን መርፌ በክብሪት ለብልቦ አሥር ሰው የሚወጋ። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ከሐኪም ይልቅ እሱ ምስጢር ይጠብቃል ብሎ ነው። ምስጢሩንስ ይጠብቃል፤ ከአንዱ ያወጣውን በሽታ ግን ለሌላው ያድል ነበር።

ወደ ዋናው ልግባ። የጓደኛህን ልብ የያዘው በሽታው አይደለም፤ የሰው ጆሮ ነው። እነማን ያዩኛል፣ ማን ለማን ይነግርብኛል፣ አለቃዬ ቢሰማ፣ ሚስቴ ብትሰማ የሚል ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውንም ተረት ከዚህ ጋር ያያይዘዋል። በሰው ነገር ዝም ማለት ጥሩ ነው፤ እኔም በዚህ ተረት ብዙ ጠብ አልፌአለሁ። ለሐኪም ዝም ያለ ግን ይነቅዛል። አበው ለዚህም ቦታ የሚሆን ተረት አላጡም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚይዝ ጓደኛህ ይምረጥ። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ የጤና ጣቢያው አሠራር አብዛኛው የእሱን ፍርሃት አስቀድሞ ያወቀ ሰው የሠራው ነው። ቢሄድ የሚያጣው ነገር ከሚፈራው በጣም ያነሰ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸሸው የማያውቀውን ስለሆነ፣ ከበሩ ጀምሮ ልንገርህ። ጥበቃው ፈትሾ «ወዴት ነህ?» ቢለው «ለሕክምና» በቂ ነው። ቀጥሎ ካርድ ክፍል አለ። ትንሽ መስኮት ናት፤ ከኋላው ሰልፍ አለ፤ ውስጥ ያለችው ልጅ ጫጫታው በዝቶባት «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብላ ትጮኻለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የጤና ጣቢያዎቻችን ምስጢር ጠባቂነት የሚጎዳው በዚህች መስኮት ላይ ነው። በር ተዘግቶ ሊነገር የሚገባው ነገር በሰልፍ መሀል ይጠየቃል። ሐኪሞቹ ይህን ያህል ሥልጠና ወስደው፣ መመሪያ ተጽፎላቸው፣ መስኮቷን የሚያስተካክል እስካሁን መጥፋቱ ይገርመኛል። ለጓደኛህ ግን መልስ አለው፤ «ለሐኪሙ እነግረዋለሁ» ይበል። ነውር የለበትም፤ በሽታውን ለካርድ ክፍል የመናገር ግዴታም የለበትም። እሷ የምትፈልገው ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አድራሻውንና ወደ የትኛው ክፍል እንደምትመራው ነው። «የአዋቂ ተመላላሽ» ብሎ ይጨምርላት፤ ቁጥር ጽፋ ትሰጠዋለች።

ክፍሉ ውስጥ የሚያገኛት ጤና መኮንን ወይም ሲስተር ናት። ሴት መሆኗ ካስጨነቀው «ወንድ ባለሙያ ካለ» ብሎ ይጠይቅ፤ ካለ ይሰጡታል። የሚጠየቀው ጥቂት ነው። መቼ ጀመረህ፣ ኮንዶም ተጠቅመህ ነበር፣ በቅርብ ጊዜ ከስንት ሰው ጋር፣ ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወሰድክ። እዚህ ላይ እንዳይዋሽ። የዋጠውን አሞክሳሲሊን ከደበቀ የሚያታልለው ራሱን ነው። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ መታየትም አለበት፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አዲስ ነገር አያሳያትም፤ ሲስተሯ በዚያ ሳምንት ስንቱን አይታለች።

የሰማችውን ብታወጣስ? የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 በሥራው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ የመድኃኒት ባለሙያ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሕግ ያለበት ቦታ ሁሉ ጥፋት የለም ማለቴ አይደለም። ግን በኖርኩበት ሙያ ያየሁት ይህን ነው፤ ምስጢር ከሐኪሙ ክፍል ይልቅ ከባለቤቱ አፍ ይወጣል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»። ጓደኛህ ሎግያ ላይ ሦስተኛውን ቢራ ሲይዝ «እኔ እኮ ባለፈው…» ብሎ የጀመረ ቀን ሲስተሯን እንዳይወቅሳት።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ካሳፈረው ደግሞ የግድ እዚያ አይሂድ። የመንገድ ሰው መሆን አንድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አዳማም፣ አዋሽም፣ ሰመራም ጤና ጣቢያ አለ፤ የሚያውቀው ሰው የለም። በትልልቅ ከተሞች የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒኮችም አሉ፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ነው፣ የቤተሰብ ምጣኔን ሥራ ማንም ሳይደፍረው የጀመረ። ወጣቶች ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሳይሰለፉ የሚገቡበት ለብቻ የተዘጋጀ ክፍል ያላቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ጓደኛህ ታናሽ እህት ካለችው ይህን ይንገራት፤ ዕድሜዋ 15 ከሞላ ለኤች አይ ቪ ምርመራ ወላጅ አስፈቅዳ መሄድ አይጠበቅባትም። የተደፈረች ልጅ ብታጋጥመው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ከሰዓታቱ በኋላ የለም። ሽማግሌ ሰብስቦ ቀን መቁጠር ለዚህ አይሆንም።

አሁን ጓደኛህ «ማቃጠሉን ልታከም፣ ኤች አይ ቪውን ግን አትንኩብኝ» ሊል ይችላል። ይህን ፍርሃት ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ፤ እኔም ዘመኑን ኖሬበታለሁ። በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲታወቁ መድኃኒት የሚባል አልነበረም። ለሕዝቡ የሚሰጠው ትምህርት የአጽምና የማጭድ ሥዕል ነበር። መድኃኒቱ ሲገባም መጀመሪያ በክፍያ ነው የገባው፤ በሬ የሸጠ አለ፣ ቤት የሸጠ አለ፣ ሸጦ ሲያልቅበት ያቋረጠ አለ። በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አንተ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርክ፤ ያደግከው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ፍርሃት ነው። ሰው ሲመረመር «ልሙት ወይስ ልኑር» የሚል ፍርድ የሚሰማ ይመስለው ነበር። 952 የሚባለው የስልክ መስመር በዚያን ጊዜ ስንቱን እንዳረጋጋ የደወለ ያውቃል፤ ስም አይጠየቅም፣ ሂሳብ አይቆጥርም፣ ማዶ ያለው ሰው ይሰማ ነበር።

ሌላው የፍርሃቱ ምንጭ «ሜዲካል» ነው። የአክስትህን ልጅ ወደ ጅዳ ስትሄድ ታስታውሳለህ። ለባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚሄድ ሠራተኛ ኤች አይ ቪን፣ ቂጥኝንና የጉበት ቫይረስን ይመረመራል፤ ውጤቱ ለኤጀንሲው ይሄዳል፣ «ፊት» ወይም «አንፊት» ይባላል፤ «አንፊት» የተባለችው ልጅ ምን እንዳለባት በቅጡ የሚያስረዳት እንኳ ሳታገኝ ቤቷ ትመለሳለች፤ መንደሩ ግን ምክንያቱን ራሱ ይፈጥርላታል። ምርመራን ያወቅነው በዚህ በኩል ስለሆነ ጤና ጣቢያውንም እንደዚያ እናስበዋለን። የጤና ጣቢያው ግን ተቃራኒው ነው። ካልፈቀድክ አይደረግም፤ ውጤቱ የሚነገረው ለተመረመረው ሰው በቃል፣ ለብቻው፣ በር ተዘግቶ ነው፤ ለአሠሪ የሚላክ ወረቀት የለም። በፈቃደኝነት የሚደረገው ምርመራ ሲጀመር እንዲያውም በስም ሳይሆን በቁጥር ነበር የሚሠራው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጣትን ጠቅ አድርጎ አንድ ጠብታ ደም፤ ከዚያ የግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ። የመጀመሪያው መሣሪያ አለ ካለ በሌላ ይደገማል፣ ሳይረጋገጥ ማንም «አለብህ» አይባልም። የለም ካለ ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ቫይረሱ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ዛሬ አይታይም። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ይድገመው። ለሠርግ ቤተ ክርስቲያን የሚያመጡት ወረቀትም የዚያን ቀን እውነት ብቻ ነው የሚናገረው፤ አንዳንዱ የአምና ወረቀቱን ታቦት አድርጎ ይዞ ይዞራል። በራስ የሚደረግ ምርመራም አለ፤ ድድን በእንጨት መሰል ነገር ጠረግ አድርጎ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጋቢና ውስጥ መጋረጃውን ጋርዶ ማየት ይችላል። አለ ካለው ግን ያ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይረጋገጥ።

ስንቱ ሰው ላይ ይገኛል ቢልህ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ሰው ውስጥ 0.9 በመቶው ቫይረሱ እንዳለበት አሳይቷል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ትንሽ ነው» እንዳይል። በገጠር 0.4፣ በከተማ 2.9 በመቶ ነበር። መኪና ደግሞ ገጠር አያድርም።

ተገኘበት እንበል። ያኔስ? በዚያው ቀን ወይም በቀናት ውስጥ መድኃኒት ይጀምራል፤ በነፃ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚውጠው በቀን አንድ ኪኒን ነው። ሳያቋርጥ ወስዶ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ሲደርስና በዚያው ሲቆይ፣ በግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህን የምነግርህ ሊያጽናና ተብሎ የሚወራ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ ባልና ሚስትን፣ አንዱ ያለበት ሌላው የሌለበትን፣ ለዓመታት ተከታትለው ያረጋገጡት ነው። እኔ ሬሳ ሣጥን ያየሁበት ሙያ እዚህ መድረሱን ሳስብ ዛሬም አንዳንዴ አላምንም። ኪኒኑን ሩቅ ለሚሄድ ሰው የወራት አድርገው ይሰጡታል፤ ሥራዬን ለባለሙያው ልንገረው ይበል እንጂ አያፍር።

እናቱ «ጠበል ይሂድ» ብትለው ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። ኪኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ከዚያ በፊት «መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው» ተብለው ኪኒናቸውን ጥለው የሄዱ ስንት ነበሩ። ፓትርያርኩ የተናገሩትን የመንደር አጥማቂ አይሽረውም።

ሚስቱን ሳላነሳ ብቀር ግማሹን ነው የጻፍኩልህ። የጓደኛህ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት ያልከኝ መሰለኝ፤ አንተ ባትለኝም እናትህ ነገረችኝ። ስለ ጓደኛህ ማለቴ ነው።

እሷ ምንም አላመመኝም ትል ይሆናል። አይደንቅም። ጨብጥና ክላሚዲያ ወንዱን ሲያቃጥሉት ሴቷ ላይ ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰሙም። ወደ ውስጥ ይገቡና የዘር መተላለፊያ ቱቦውን ያቆስሉታል፤ ቁስሉ ሲሽር ቱቦው ይደፈናል። ስንቷ ሴት «መካን ናት» ተብላ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦባት፣ ቡናዋን ጀበናዋን ይዛ ከቤቷ ወጥታለች፤ በሽታውን ከመንገድ ያመጣላት ሰው ደግሞ ሁለተኛ ድግስ ደግሶ ያገባል። እንዲህ ያለ ሽምግልና ላይ ተቀምጫለሁ፤ የተቀመጡትም ሁሉ አውቀው ነው ዝም የሚሉት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያልን እዚያ ላይ ሥሩን ማንም አይቆፍርም።

ነፍሰ ጡር ስትሆን ነገሩ ይብሳል፤ መውጫውም ይሰፋል። ቂጥኝ ያለባት እናት ልጁ ሆዷ ውስጥ ሊሞትባት ይችላል፤ በጊዜ ከተገኘ ግን በፔኒሲሊን ሁለቱም ይድናሉ። ጨብጥ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑን ዓይን ይይዛል፤ ሕፃን እንደተወለደ ዓይኑ ላይ ቅባት የሚቀባው ለዚህ ነው። ኤች አይ ቪም ቢሆን፣ እናትየዋ መድኃኒት ከያዘች ሕፃኑ ነፃ ሆኖ የመወለዱ ዕድል እጅግ ሰፊ ነው፤ ለሕፃኑም የሚሰጥ ሽሮፕ አለ፣ ጡትም ታጠባለች። እርግዝና ክትትል ስትሄድ ለሦስቱ፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝና ለጉበት ቫይረስ ትመረመራለች። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ካለበትና ለእሷም ካስተላለፈ፣ ጓደኛህ ቢደበቅም በሚስቱ ደም በኩል ሊታይ ይችላል። እሷ ቀድማ ሰምታ «ከየት አመጣኸው?» ከምትለው፣ እሱ ቀድሞ ቢነግራት ይሻላል።

እንዴት ይንገራት? ይህ ከመርፌው ይከብዳል፤ እኔ አቃልዬ አልነግርህም። ባለሙያውን «ሚስቴን እንዴት ልንገራት?» ብሎ ይጠይቀው፤ ይህን ማገዝ ሥራው ነው። ለትዳር ጓደኛ የሚሰጥ የጥሪ ወረቀትም ሊጽፍለት ይችላል። ከፈለገም አብረው ይምጡና ባለሙያው ፊት ይነጋገሩ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ገብተው የሚመረመሩበት አሠራር አለ፤ አንዱ ሌላውን ሳያጋልጥ ሁለቱም እኩል ይሰማሉ። እስከዚያው ግን ከሁለቱም ሕክምና በኋላ አንድ ሳምንት ያህል እስኪያልፍ ግንኙነት የለም። እሱ ታክሞ እሷ ካልታከመች በወሩ ተመልሶ ይይዘዋል፤ ያኔ መድኃኒቱን «አይሠራም» ብሎ ይሳደባል። መንገድ ላይ ያለችውም ሴት ሰው ናት፤ ስልኳ ካለው ይንገራት። ስድብ ሳይሆን «ታከሚ» ነው የምትፈልገው። ሁሉም ይጠቀምባታል፤ በሽታ ሲመጣ ግን ሁሉም በእሷ ነው የሚያመካኘው።

ስለ ገንዘብ እንዳያስብ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የኤች አይ ቪ ምርመራውም መድኃኒቱም፣ የእርግዝና ክትትሉም ወሊዱም፣ የቤተሰብ ምጣኔውም አይከፈልበትም። ለካርድና ለሌላው መድኃኒት ትንሽ ሊጠየቅ ይችላል፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ደብተሩን ይያዝ። ያጠረው ካለ ንገረኝ፣ በቴሌብር እልካለሁ፤ አንተ ለጓደኛህ ትሰጠዋለህ።

ሰኞ ጠዋት አይሂድ፤ ሰልፉ አይቻልም። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ይድረስ። ከመሄዱ በፊት ከመድኃኒት ቤት የገዛው ኪኒን ካለ ማሸጊያውን ይዞ ይሂድ፣ ባለሙያው ስሙን ያንብበው። የቀጠሮ ካርዱን ከሰጡት በኋላ የመኪናው ፀሐይ መከላከያ ሥር እንዳይሰካው፤ ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን ሲፈልግ ያገኘዋል። ቀኑን ስልኩ ላይ ይመዝግብ፣ ካርዱን ከመታወቂያው ጋር ያኑር።